ከሦስቱ አንዱ ይቀጥላል

ሰኞ፣ 3

ዛሬ ብይን ተሰጠ። ሁለቱ ወደቁ፣ አንዱ ቀረ። ቀጠሮ ለ28፣ ዓርብ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ሰኞ ማታ

ይህን ደብተር የገዛሁት የቀጠሮ ቀን ለመመዝገብ ብቻ ነበር። አንድ መስመር ጽፌ ልተወው ግን አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬን ከስሻለሁ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ስለሚላት፣ እናታችን ያወጣችላትን ስም ክሱ ላይ ስጽፈው የማላውቀውን ሰው የከሰስኩ መሰለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ልብስ ሰፋን። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ሱቁ በር ላይ «የእህትማማቾቹ ልብስ ስፌት» የሚል ሰሌዳ ነበር። ከአራት ወር በፊት ሰሌዳው በስብሶ አዲስ ተሠራ፤ አዲሱ «የእትዬ ልብስ ስፌት» ይላል። ምነው ብላት፣ ሳንቃው አጠረ አለችኝ። ለኔ ሲሆን ሳንቃ ያጥራል። መቀሴን ይዤ ወጣሁ። ጨርቅ የምቆርጥባቸውን የቅድ ወረቀቶቼን ግን ከለከለችኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው፤ የኮት፣ የቀሚስ፣ የሱሪ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በአንድ ያወጣኋቸው።

ሦስት ነገር ጠየቅሁ። አንደኛ፣ የሱቁ ግማሽ የኔ መሆኑ ይታወቅልኝ። ሁለተኛ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ደንበኛ ይህን የመሰለ ቅድ ማን አወጣው ብላ ስትጠይቅ፣ እትዬ «እሷማ መቀስ ትይዛለች እንጂ ምን ታውቃለች» ብላለችና፣ ሱቁ በር ላይ ቆማ ቃሏን ታንሳ። ሦስተኛ፣ ወረቀቶቼ ይመለሱልኝ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ። የመጀመሪያው በጽሑፍ የተደረገ ውል ስለሌለ ውድቅ። ሁለተኛው ጊዜው ስላለፈበት ውድቅ፤ ጊዜው ባያልፍበትም ፍርድ ቤት ሰውን በር ላይ የሚያቆምበት ሥልጣን የለውም። ይህን ሲሉ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ይቀጥላል፤ ተከሳሽ ወረቀቶቹን ይዘው ይቅረቡ፣ ከሳሽ የእርሳቸው መሆናቸውን ያስረዱ።

ሁለተኛው መውደቁ ምንም አልመሰለኝም።

ስንወጣ ዝናብ ይወርዳል። እትዬ ጃንጥላዋን ዘርግታ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ነይ ግቢ ከሳሼ። በስብሰሽ ጉንፋን ቢይዝሽ ለሱም ልትከሺኝ ነው» አለች።

ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ጃንጥላ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። ጃንጥላውን ወደኔ አዘንብላ ስለያዘችው የሷ ግራ ትከሻ ረጠበ። ሰው እንዲያይላት ነው።

ረቡዕ፣ 5

ጋሼ ማመልከቻ ዘንድ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር በጽሕፈት መኪና ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ግን ክሱን ሳስገባ አላማከርኳቸውም ነበር። የክሱን ግልባጭ አነበቡና ማን ጻፈልሽ አሉኝ። እኔው ራሴ አልኳቸው። በር ላይ ትቁም የሚለውንስ አሉ። እሱንም እኔው አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

አልተቀየምኳቸውም። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ የቀረውን የተማርኩት ከቅድ ወረቀት ነው። ጋዜጣም ይሁን የዓምና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ከቢሮ የተጣለ ጽሑፍም ቢሆን፣ ያገኘሁትን አጣብቄ ቅድ አወጣበታለሁ። ከዚያ ጨርቁ ላይ አንጥፌው የተጻፈበትን አነባለሁ። ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ ብብት ላይ ሲደርስ ያልቃል። አንድ ሰውዬ ጀልባው ተገልብጦ ወደ ዳር ሲዋኝ በእጅጌው መግቢያ በኩል ተቆርጦ ቀርቷል፤ ይውጣ ይስመጥ እስከ ዛሬ አላውቅም። የክስ ወረቀትም እንደዚያው ነው። መግቢያውን አሳምሬ አውቃለሁ፤ «እንዲወሰንልኝ የምጠይቀው» ከሚለው በታች ያለው ግን ሁልጊዜ በመቀስ ሄዷል። መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንን እከሳለሁ። እዚያ ስደርስ የልቤን ጻፍኩ።

ጋሼ ማመልከቻ ያለፈው አልፏል፣ የቀረሽን አጥብቀሽ ያዢ አሉ። ወረቀቶቹ ላይ ስምሽ አለ? የለም። ፊርማ? የለም። ስትቆርጪ ያየ ምስክር? ከእትዬ በቀር ማንም። ተከሳሽን ምስክር አድርጎ መጥራት አይበጅም አሉና ሌላ ነገር አስቢ ብለው ሸኙኝ።

ሁለተኛው ነገር፣ «ምን ታውቃለች» ያለችው፣ ሦስት ዓመት ሲያልፈው ውሸት መሆኑ ይቀራል ማለት ነው? ልጠይቃቸው ነበር፤ ተውኩት።

ዓርብ፣ 7

የሦስት ሱሪ እግር አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የምሠራው ይህን ነው። ቅድ የሌለው ሥራ ፈጣን ነው፤ እጅ ይሠራል፣ ሐሳብ ይዞራል።

የኔና የእትዬ ቤት በአንድ ግቢ ፊት ለፊት ነው። ውሃችን አንድ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫችን አንድ ገመድ። ክሱን ካስገባሁ ጀምሮ ገመዱን መሐል ላይ በቀይ ክር አስሬ ለይቻለሁ። ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ቤት አልነበርኩም። ስመለስ የኔ ልብስ ተሰብስቦ፣ ታጥፎ በሬ ላይ ተቀምጧል። የሷ ገመዱ ላይ ቀርቶ ውሃ ያንጠባጥባል።

ድንበር ጥሳለች። መዝግቤዋለሁ።

እሁድ፣ 9

ፋርማሲስቷን መንገድ ላይ አገኘኋት። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ቅዱ የኔ ነው፤ የአንገቱን አወራረድ ከሩቅ አውቀዋለሁ። ግን ሴትዮዋ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትሄደው። ሰላም ስትለኝ በአፏ ብቻ ነው፤ እጇን ማንሳት አልቻለችም።

ማክሰኞ፣ 11

የዳቦ ቤቱ ባለቤት። አዲስ ሱሪ። ወንበር ሲቀርብለት ልቁም አለ።

ሐሙስ፣ 13

ዛሬ ሦስተኛዋን አየሁ፤ ኮሌታዋ አንገቷን ይዟት ዞር ለማለት ከወገቧ ትዞራለች። ያኔ ገባኝ።

እኔ ወረቀቱን የማወጣው በገላው ልክ ነው። ለስፌት የሚገባውን ትርፍ ወረቀቱ ላይ አላስቀምጥም። ጨርቁን ስቆርጥ በጣቴ እየለካሁ እጨምራለሁ፤ በጎን ሁለት ጣት፣ በትከሻ አንድ፣ በአንገት የትንሿን ጣት ግማሽ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም። የእትዬ የስፌት መኪና ወደ መስኮቱ የዞረ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለተቀመጠች ጣቴን አላየችም። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሰርተፊኬት ያለው ቆራጭ ቀጥራለች፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ሰርተፊኬቱን ከመስተዋቱ በላይ የሰቀለ። እሱ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆርጠው ማለት ነው። የተማረ ሰው እንዴት ትርፍ አይጨምርም? ለሰርተፊኬት ይህን ካላስተማሩ ምን ያስተምራሉ?

ብቻዬን ሳቅሁ። የከተማው ሰው ልብሱ በሁለት ጣት ጠብቦት እየዞረ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ስቄ ስጨርስ እራቱ አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ 14

ለጋሼ ማመልከቻ ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ተነሡ። ማስረጃሽ ይኸው፣ ከዚህ በላይ ፊርማ የለም አሉ። ፍርድ ቤቱን እዚያው ይቆረጥ ብለሽ ጠይቂ፤ እነሱ ሲቆርጡ ይጠባል፣ አንቺ ስትቆርጪ ልክ ይሆናል፤ ያወጣው ማን እንደሆነ ማንም ያያል።

«እስከ 28 ድረስ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» አሉኝ።

ትንፍሽ ማለት የማልወድ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ለዚህ ፈጥሮኛል።

ማክሰኞ፣ 18

እትዬ ቧንቧው ጋ ከጎረቤት ጋር ስታወራ በመስኮት ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ መስኮቱን የከፈትኩት ለአየር ነው።

ዘንድሮ ሰው ሁሉ ወፈረ ትላለች። ምን እንደሚበሉ አላውቅም፣ ልክ ወስጄ ሳልጨርስ ይወፍራሉ። ፋርማሲስቷን እራት ተይ ብያታለሁ፣ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ዳቦ ቀንስ ብዬው ተቀይሞኛል። ጎረቤታችን ሆዷን ዳሰስ አደረገች።

ከዚያ እትዬ ወደ መስኮቴ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መጋረጃው ጀርባ መሆኔን ታውቃለች።

«ከሳሼ፣ ሰምተሻል? የአውቶቡስ ሾፌሮች ማኅበር ሠላሳ ሁለት ኮት አዞኛል። የሚመጣው ማክሰኞ ይቆረጣል። አንቺ እንግዲህ ቁልፍሽን ትከይ።»

ሠላሳ ሁለት ኮት። ጨርቁን ማኅበሩ ራሱ ነው ያመጣው፤ አንዴ ከተቆረጠ የሚተካ የለም። የሾፌር ኮት ሲጠብ ደግሞ እንደ ፋርማሲስቷ ችሎ የሚሄድ የለም፤ መሪ ማዞር አለ። በየመንገዱ ሠላሳ ሁለት ሰው የእትዬን ስም እየጠራ ሲራገም፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ የሚገባ ደንበኛ አይኖርም።

ይህ የኔ ጉዳይ አይደለም። የሱቁ ግማሽ የኔ አለመሆኑ በብይን ተነግሯል።

ሐሙስ፣ 20

ክር ልገዛ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሾፌሩ ለማኅበሩ በናሙና የተሰፋውን ኮት ለብሷል። ለናሙና የመረጡት ከማኅበሩ ሁሉ ቀጭኑን ነው፤ እሱ እንኳ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከነወንበሩ አብሮ ይታጠፋል። ኮቱ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ያምራል፤ እትዬ ሲለበስ ይለቃል ብለውኛል» አለ።

ወርጄ አንድ ማቆሚያ በእግሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ 22

አልነግራትም። ስምንት ቀን እንኳ አልቀረም። ስድስት ነው።

እሁድ፣ 23

አልነግራትም ብያለሁ።

ብነግራት በምን አስረዳለሁ? ወረቀቶቹን ካጣሁ ምን አለኝ? ሌላ ሰው ዓመቱን በልጅ፣ በቤት፣ በፎቶ ይቆጥራል። እኔ ያ የዕድር ሰብሳቢዋ ሴትዮ ካፖርት የተቆረጠበት ዓመት፣ ያ ትከሻው የወረደው መምህር ኮት የወጣበት ዓመት እያልኩ ነው። ከነሱ ውጭ ያለፍኩበት ምልክት የለም።

ደግሞስ እሷ ነገረችኝ? ሰሌዳውን ስታሠራ ጠየቀችኝ? ሳንቃ አጠረ።

ዛሬ ገመዱ ላይ የሰጣችውን ሸሚዝ አየሁ። ክርኑ ተጥፏል፤ አጣጣፉ የሷ አይደለም፣ ተቻኩላለች። ዓይኗ ደክሟል መሰለኝ።

ሰኞ፣ 24

ነገ ይቆረጣል። ሥራ አልያዝልኝ አለ፤ አንድ ቁልፍ ሁለቴ ተከልኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ በግልባጩ።

ማክሰኞ፣ 25

ሜትሬን ሱቁ ውስጥ ረስቼ ነበርና ለመውሰድ ሄድኩ። አራት ወር ሳልፈልገው ቆይቼ ዛሬ አስፈለገኝ።

እትዬ አልነበረችም፤ የኮቶቹን ቁልፍ ልትመርጥ ወጥታለች። ልክ በወጣችበት ሰዓት መድረሴ አጋጣሚ ነው። ባለሰርተፊኬቱ ጨርቁን ስምንት ድርብ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አንጥፏል። የኔ ወረቀት ከላይ ተኝቷል። ጠመኔውን በጠርዙ ሊያስኬድ እጁን ዘርግቷል።

«ጠርዙ ላይ አትቁረጥ። ሁለት ጣት ጨምር» አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ጠመኔውን አስቀመጠ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። የሚገርመው እኔ ሳልሆን እሱ ነው የተቆጣው።

«እኔስ አላልኩም? ገና በገባሁበት ቀን ትርፍ ልጨምር ብያቸው ጮኹብኝ። እህቴ ባወጣችው ላይ የክር ያህል አትጨምር፣ የክር ያህል አትቀንስ አሉኝ። አንተ ሰርተፊኬት አለህ፣ እሷ ግን ታውቃለች አሉ።»

እንደገና በል አልኩት። ምኑን አለኝ። የመጨረሻውን አልኩት። ደገመልኝ።

ከዚያ ጠመኔውን ተቀበልኩት። መቀሱንም ተቀበልኩት፤ የእጁ አያያዝ አላስደሰተኝም። ስምንት በስምንት፣ አራት ጊዜ፣ ሠላሳ ሁለቱንም ቆረጥኩ። እሱ ከጎኔ ቆሞ በጣቱ እየለካ ይማራል። የሱ ጣት ወፍራም ስለሆነ አንድ ተኩል ይበቃሃል ብዬዋለሁ።

ስወጣ ለእትዬ እንዳትነግራት አልኩት። ለምን ልክ ሆነ ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበል አለ።

«ሰዉ ከሳ በላት» አልኩት።

ሜትሩን ረስቼው መጣሁ።

ሐሙስ፣ 27

ጋሼ ማመልከቻ ተቆጡኝ። የተቆጡ ጊዜ የጽሕፈት መኪናውን ባዶውን ይመታሉ። ማስረጃሽን በገዛ እጅሽ ወስደሽ ለተከሳሽ አስረከብሽ፤ አሁን በምን ልታስረጂ ነው አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ታዲያ ለምን ነገ ትቀርቢያለሽ አሉ። ቀጠሮ ነዋ።

ዓርብ፣ 28

ከችሎት መልስ። አለቀ። ማታ እጽፋለሁ።

ዓርብ ማታ

እትዬ ወረቀቶቹን በሁለት ትልልቅ ከረጢት አመጣች፤ የቀሚሱን ከቀሚስ፣ የኮቱን ከኮት ለይታ በጨርቅ ቅዳጅ አስራቸዋለች። እኔ እንኳ እንዲህ አድርጌ አስቀምጬያቸው አላውቅም። ዳኛዋ አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። እጅጌ ነበር። የተጻፈበትን ማንበብ ጀመሩ፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ገለበጡት፣ ቀሪውን በጀርባው ፈለጉ። የለም ክብርት ዳኛ፣ እኔም ስፈልገው ብዙ ዓመቴ ነው ልላቸው አማረኝ።

ከሳሽ ያስረዱ አሉኝ። ተነሣሁ። ስንት ቀን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ።

«የኔ ናቸው» አልኩ። ሌላ አልወጣልኝም።

ዳኛዋ ወደ እትዬ ዞሩ። በጽሑፍ በሰጡት መልስ ወረቀቶቹ የሱቁ ናቸው ብለዋል፣ በዚያው ይጸናሉ ወይ ብለው ጠየቋት።

«የሷ ናቸው። ያኔ ተናድጄ ነው የጻፍኩት። እኔ ከነዚህ ውስጥ አንዷን እንኳ ማውጣት አልችልም፤ ስንት ጣት እንደሚጨመር እንኳ የማላውቅ ሰው ነኝ» አለች እትዬ።

ባለሰርተፊኬቱ ምስጢር አይይዝም።

ዳኛዋ ታዲያ የሷ መሆናቸውን እያወቁ ለምን አልሰጧትም አሉ። እትዬ የአንዱን ከረጢት አፍ ፈትታ መልሳ አሰረችው።

«ከሰጠኋት ምን ብላ ትመጣለች?» አለች በመጨረሻ። «አኩርፋ ወጥታ አራት ወር በሱቁ በር አላለፈችም። ወረቀቶቿ እኔ ጋ ካሉ ለመጣላትም ቢሆን ትመጣለች ብዬ ነው። እሷ ግን ወደናንተ መጣች።»

የዚህ ጊዜ ከኋላ የሳቀ ሰው የለም። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ ጣሪያውን አየሁ፤ የችሎቱ ጣሪያ ጥግ ላይ ያፈሳል፣ አንድ ሰው ሊያየው ይገባል።

ተወሰነ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም በሦስት ቀን ውስጥ ለከሳሽ ይመለሱ።

ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ።

«ጣቱን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ።»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት?»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

አሰበችና፣ «ፋርማሲስቷ በኔ ምክንያት ሦስት ሳምንት እራት ሳትበላ አደረች» አለች። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ምን እንደምንባባል ሁለታችንም ስላላወቅን በየፊናችን ሄድን፤ አውቶቡሱ ግን አንድ ስለሆነ ተመልሰን ማቆሚያው ላይ ተገናኘን።

ሰኞ፣ 1

ትናንት ስመለስ ሁለቱ ከረጢቶች ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዛሬ ሙሉ ቀን ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

እትዬ ልብስ ልትሰጣ ወጣች። አንድ ይጎድላል አልኳት። አዎ አለች፣ እየሰጣች።

«አንዱን አስቀርቻለሁ። ክሰሺኝ።»

የትኛውን ነው አልኳት። ፈልገሽ ድረሺበት አለችና ገባች።

ይህ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ ሰነድ አለኝ፣ ጋሼ ማመልከቻ በአንድ ገጽ ይጨርሱታል። በሕጉ መሠረት ግን ከሳሽ መዝገብ ቤት ከመሄዷ በፊት ተከሳሽን በአካል ቀርባ ብትጠይቅ የተሻለ ነው፤ እንዲህ የሚል ሕግ ከሌለም ሊኖር ይገባል። ሱቁ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል እደርሳለሁ፤ ቀድሞ መገኘት አይከፋም።